መርዶ የሚጠብቁ ቤቶች

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው ቀድሞ ለእድሩ ዳኛና ለቅርብ ጎረቤት ይደርሳል። ማታ ይመከራል፤ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ አርባው፣ ከዚያ ሙት ዓመቱ ይቀጥላል። በጦርነት ሰው የጠፋበት ቤት ግን ይህን ሁሉ የሚጀምርበት የለውም። ሚስት ጥቁር ብትለብስ አሟረተች፣ ባትለብስ ረሳችው ትባላለች። ልጄ ሲመጣ የት ያገኘኛል ብላ ቤት መቀየር እምቢ ያለች እናትም አውቃለሁ።

በጦርነት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ማፈላለግ ሥራዬ ነው። ስለ ጦርነት ሕግ ሲነሳ የሰው ሐሳብ ወደተደበደበ ሆስፒታልና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይገባልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሕጉ ስለ ስም ምዝገባ የሚለው ነገር እንደ ጽሕፈት ቤት ሥራ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ የጦር ምርኮኛ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለማዕከላዊው የምርኮኞች መረጃ ቢሮ ካርድ እንዲጽፍ ዕድል እንዲሰጠው ያዛል። ካርዱ ላይ መያዙ፣ አድራሻውና የጤናው ሁኔታ ይሰፍራል። ስሙ በሌላ ወገን መዝገብ የገባን ምርኮኛ በኋላ "አላየነውም" ብሎ መካድ ይከብዳል። ምዝገባ ነፍስ ያድናል የምለው ለዚህ ነው።

አሠራሩ የቆየ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጄኔቫ ላይ በከፈተው ቢሮ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች 7 ሚሊዮን ገደማ ካርዶችን በእጅና በታይፕ ሞልተዋል።

ካርዱ ሲከለከል ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኢትዮጵያና ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ሲገጥሙ ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን ገና አልተቀበለችም ነበር። እስከ ነሐሴ 2000 ድረስ የኮሚቴው ልዑካን በእጇ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች እንዳይጎበኙና እንዳይመዘግቡ ከለከለች። የሁለቱን አገሮች የካሣ ጥያቄ የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን የሕግ ጥሰት ብሎታል፤ ኢትዮጵያንም ምርኮኞችን ለመመለስ በመዘግየቷ ተጠያቂ አድርጓታል። በእነዚያ ዓመታት እዚህ ሆነው ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ልጃቸው ይኑር ይሙት አያውቁም ነበር። የትኛውም ካሣ ያን ጊዜ አይመልስላቸውም።

ስልክና ፖስታ ሲቋረጥ የሚያገለግለው የቀይ መስቀል መልእክት ተራ ቅጽ ነው። አይታሸግም፤ በመንገዱ ያሉ ባለሥልጣናት ያነቡታል። ስለዚህ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። አንዲት አረጋዊት እናት ፊቴ ተቀምጠው "ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን" ብለው ጀመሩና፣ ወዲያው በሰፈራቸው ስላለፈው ጦር ያስጽፉኝ ጀመር። "እማማ፣ ይህ ካለበት ወረቀቱ አይደርስም" አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው ቡሬ ወለደች በልልኝ፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት" አሉ። ጻፍኩት። የላሚቱን ስም ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ልጁ ሲያነበው ቃሉ የእናቱ መሆኑን አይጠራጠርም።

ፍለጋው ራሱ የሚከብደው በእኛ አጠራር ነው። የፍለጋው ቅጽ የቤተሰብ ስምና የልደት ቀን ይጠይቃል፤ እኛ ጋ አበበ ከበደ የሚባል ሰው በየወረዳው አለ፤ የልደቱ ቀን ሲጠየቅ "ከእህቱ በሁለት ክረምት ይበልጣል" ይባላል። ስለዚህ የአያቱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ጎጡን፣ የቤት መጠሪያውን፣ የክርስትና ስሙን፣ ጓዶቹ ያወጡለትን ስም ሳይቀር እንጠይቃለን። በአንድ ቅጽል ስም የተገኘ ሰው አለ። የተገኘው ሰው ካልፈቀደ ደግሞ አድራሻውን ለፈላጊው አንሰጥም። አንዳንድ ቤተሰብ በዚህ ይቆጣል፤ እኔ ግን ደንቡ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ከቤተሰቡ የሸሸ ሰውም ጥበቃ ይገባዋል።

ጦርነቱ የአገር ውስጥ ሲሆን ምርኮኛ የሚለው ሕጋዊ ማዕረግ ይቀራል፤ የቤተሰብ መብት ግን አይቀርም። በልማዳዊው ሕግ እያንዳንዱ ተፋላሚ የጠፉ ሰዎችን ዕጣ ለማወቅ የሚችለውን ሁሉ ማድረግና ያገኘውን ለቤተሰብ መንገር አለበት። በትግራይ፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት የማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰቦች የታጋይ ልጆቻቸውን መርዶ በይፋ የሰሙት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ከተማና ገጠሩ አብሮ አለቀሰ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም እነዚያ ቤቶች ለቅሶ ተቀምጠዋል። በሰሜኑ ጦርነት ከየወገኑ ተሰልፈው ወሬያቸው ያልተሰማ ሌሎች ብዙዎች አሉ፤ ስለ እነሱ መልስ የመስጠቱ ዕዳ የአዛዦቻቸውና የማረኳቸው ነው።

የፍለጋ ማመልከቻ ያስገባችሁ፣ ስልክ ወይም ሰፈር ከቀየራችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ አሳውቁ። መልስ ተገኝቶ፣ ጠያቂው ከነበረበት በመልቀቁ ሳይደርሰው የሚቀርበት ጊዜ አለ።