የጤና ባለሙያው ከየት ይምጣ?

አንድ የጤና ባለሙያ በተመደበበት ገጠር ይረጋል ወይስ ጊዜው እንደሞላ ዝውውር ይጠይቃል የሚለው ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከደመወዝና ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ ይነሣል እንጂ፣ መልሱ በአመዛኙ የሚወሰነው ከምደባው ብዙ ቀደም ብሎ፣ ማን ለሥልጠና እንደተመረጠና የት እንደሠለጠነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የገጠር ተወላጆችን መቀበልን፣ ትምህርት ቤቶችን ከዋና ከተማ ውጭ መክፈትንና ተማሪዎችን በገጠር ማለማመድን አጣምሮ የመከረው ለዚሁ ነው።

ጎንደር ይህን ምክር አልጠበቀችም። በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ጤና መኮንንን፣ ማለትም ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሕክምናውንም መከላከሉንም የሚመራውን ባለሙያ፣ ከኅብረተሰብ ነርሷና ከአካባቢ ጤና ባለሙያው ጋር በአንድ ግቢ እያስተማረ፣ ከምረቃ በፊት በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። የአልማ አታው ጉባኤ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎትን የዓለም አጀንዳ ከማድረጉ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የሥልጠናው በር በእርግጥ ለገጠር ልጅ የተከፈተው ግን በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶችን ከየቀበሌያቸው መልምሎ ለአንድ ዓመት ካሠለጠነ በኋላ፣ ሁለት ሁለቱን በየጤና ኬላው መደበ። እንደ አምባራስ ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ የስሜን ደጋ ላይ ይህ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ከሥራው ይታያል፤ የክትባት ሣጥኗን አንግታ ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ ገብስ በሚታጨድበት ሳምንት እናቶችን ቤት እንደማታገኝ፣ የየትኛው ቤት ነፍሰ ጡር በአማቷ ፊት እንደማትናገር፣ በየትኛው የበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡን ማነጋገር እንደሚቻል የምታውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን እዚያው ስላደገች ነው። ወላዷም «ልጄ» ብላ የምትጠራት እንግዳ ስላልሆነች ነው፤ ይህን መተማመን ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያ፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ የሚያገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ችግሩ እነዚህን ሴቶች ያስገባው በር ከደጃፉ ብዙ አለማሳለፉ ነው። ከሙያ ሥልጠና ደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የማሻሻያ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው መሰላል ግን ጠባብ ነው፣ የዲግሪ መግቢያውም በዋናነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራና በቂ መምህር ለሌለው የደጋ ትምህርት ቤት ልጅ ይህ ወንፊት ምን ያህል እንደሚጠብ ለመገመት አያዳግትም። የመቁረጫ ነጥቡ በራሱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ውጤት ብቻ ሲመዘን ነጩን ጋውን የሚለብሰው የከተማ ልጅ ይሆንና፣ ገጠሩ ዶክተርና ጤና መኮንን ሲላክለት የሚቀበል፣ ከራሱ ግን ከጤና ኬላ በላይ የማያወጣ ሆኖ ይቀራል።

በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በስሜን ደጃፍ መቆሙ ስለዚህ ትልቅ ዕድል ነው። ቦታው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ በሚመደቡበት ሥርዓት ውስጥ እንደ ዳባትና ጃናሞራ ያሉ የአካባቢው ወረዳዎች ልጅ ደባርቅ ላይ ጤና የመማር ዕድሉ የሚሰፋው የመግቢያ ደንቡ ሲያስበው ነው። ዓመታት ያገለገለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኗ እንደ መግቢያ ነጥብ ተቆጥሮላት፣ የማካካሻ ትምህርት ወስዳ፣ ልምምዷን በራሷ ወረዳ ጤና ጣቢያ እየሠራች አዋላጅ ነርስ ወይም ጤና መኮንን የምትሆንበት የተለየ መቀመጫ ቢመደብ፣ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ሕንፃ ሳይጠብቅ ከሚቀጥለው ምዝገባ ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል።