ጂንስን በባክቴሪያ ማቅለም

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ይፋ በሆነ ጥናት የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ ክር ኢንዲካን በተባለ ቀለም አልባ ውሁድ ነክረው ብርሃን አበሩበት። ክሩ ሰማያዊ ሆነ። በዲቴ ዌልነር የሚመራው ቡድን እንዳሰላው፣ ጂንስ በዚህ ዘዴ ቢቀለም በአካባቢ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ73 በመቶ ይቀንሳል፤ በብርሃኑ ፋንታ ኢንዛይም ከተጠቀሙ ደግሞ በ92 በመቶ።

የጂንስ ቀለም ኢንዲጎ ነው፤ ችግሩም ውሃ ውስጥ አለመሟሟቱ። ክር ውስጥ እንዲሰርግ መጀመሪያ ሃይድሮሰልፋይት የተባለ ኬሚካል ሰማያዊነቱን አጥፍቶ ሊያሟሟው ይገባል። ክሩ ከገንዳው ወጥቶ አየር ሲያገኝ ሰማያዊው ይመለሳል። ኬሚካሉ ግን ቧንቧ ይበላል፤ ከፍሳሽ ጋር ሲወጣም ውሃ ይበክላል። ኢንዲጎውም ቢሆን በፋብሪካ የሚሠራው እንደ አኒሊን፣ ፎርማልዴሃይድና ሳያናይድ ካሉ አደገኛ ግብዓቶች ነው። ድሮ ይህን የማሟሟት ሥራ የሚሠራው ባክቴሪያ ነበር፦ የአውሮፓም የጃፓንም ቀለም ነካሪዎች ገንዳቸውን እንደ ጠላ ያስቦኩት ነበር።

ዘመናዊው ምዕራፍ የተከፈተው በ1983 ነው። በአሜሪካው አምጀን ኩባንያ በርት ኤንስሊና ባልደረቦቹ ናፍታሊን ከሚበላ ባክቴሪያ የወሰዱትን ዘረመል ኢ. ኮላይ ወደተባለ ሌላ ባክቴሪያ ሲያዛውሩ፣ ኢ. ኮላዩ ያልጠበቁትን ኢንዲጎ ሠራ። በ1990ዎቹ ጄነንኮር የተባለ ኩባንያ ነገሩን ወደ ገበያ ሊያደርሰው ሞከረ። ኢንዲሩቢን የተባለ ቀይ ቀለም እየተቀላቀለ ቢያስቸግርም መፍትሔ ተገኘለት፤ የፋብሪካውን ኢንዲጎ ዋጋ ግን መርታት አልተቻለም። ከዋጋው በላይ የሚያሳስብ ነገርም አለ። ባክቴሪያ የሠራው ኢንዲጎ ፋብሪካ ከሠራው አይለይም፤ ለማቅለም ያው ሃይድሮሰልፋይት ይፈልጋል። «ባዮ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ጂንስ የሚገዛ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

ለዚህ ነው በ2018 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የወጣው ጥናት ከሌሎቹ የሚልቀው። ታሚ ሹ፣ ጆን ዱበርና ባልደረቦቻቸው ተክሉን ራሱን ጠየቁ። የኢንዲጎ ተክል ቅጠሉ ውስጥ ሰማያዊ አያከማችም፤ ኢንዶክሲል የተባለውን ውሁድ ከስኳር ጋር አስሮ ኢንዲካን አድርጎ ያኖረዋል። ስኳሩ እስካለ ድረስ ቀለም የለውም፣ ውሃ ውስጥም በቀላሉ ይሟሟል። ተመራማሪዎቹ ስኳሩን የሚያስረውን ዘረመል ከጃፓን ኢንዲጎ ወስደው ለኢ. ኮላይ ሰጡት። ክሩ ኢንዲካኑን ከጠጣ በኋላ ሌላ ኢንዛይም ስኳሩን ይቆርጠዋል፤ ሰማያዊውም እዚያው ክሩ ውስጥ ይፈጠራል። ሃይድሮሰልፋይት የለም። የዴንማርኮቹም ሥራ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ከኢንዲጎ ውጭም ብዙ ይሠራል። ኮለሪፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ቀለም የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን ከጨርቁ ጋር በተለመደው የማቅለሚያ ማሽን ውስጥ ይከታል፤ ሙቀቱ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያሳርፋል። የዚምባብዌ ተወላጇ ዲዛይነር ናትሳይ ኦድሪ ቺዬዛ በአፈር ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሐር ላይ አሳድጋ፣ እንደ አሲድነቱ መጠን ከሮዝ እስከ ሰማያዊ የሚለዋወጥ ቀለም አግኝታለች። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ደግሞ በ2024 ጨርቁንም ቀለሙንም የሚሠራ ባክቴሪያ አሳይቷል፤ ከእሱም ጥቁር ጫማና የኪስ ቦርሳ ተሠርቷል።

የማቅለሚያ ፍሳሽን በፈንገስ ኢንዛይም የማጥራት ዘርፍም አለ። እሱ ግን ከተበከለ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀም የተተከለው ጣቢያም እንዲሁ።

ወደ ጂንሱ ስንመለስ፣ የኢንዲካን ፈተና ክብደቱ ነው። አንዱን የኢንዲጎ ሞለኪውል ለመሥራት ሁለት ኢንዲካን ያስፈልጋሉ፤ ስኳራቸው ተቆርጦ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ኢንዲጎ ክር ላይ ለማስቀረት ከሁለት ኪሎ በላይ ኢንዲካን መመረት አለበት፤ ያም ጄነንኮር ሊረታው ካልቻለው ርካሽ የፋብሪካ ኢንዲጎ ጋር እየተፎካከረ።