ሰውነት የራሱን ሕዋስ ሲወጋ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ግቢ ጠባቂ አለው እንበል። ጠባቂው ሌሊቱን ሙሉ እየተዘዋወረ ሌባን ይከላከላል፤ የቤተ ሰቡን አባላት ግን ለይቶ ስለሚያውቃቸው አይነካቸውም። ይኸው ጠባቂ አንድ ቀን ተሳስቶ ቤተ ሰቡን የሚመግበውን ሰው ጠላት ነው ብሎ ቢገድለው ምን ይሆናል? ግቢው ከውጭ ማንም ሳይደፍረው በረኀብ ይጠፋል። በሰው ልጅ ሰውነት ውስጥም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስሕተት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረውና በሕክምና አጠራር ዐይነት አንድ የሚባለው የስኳር በሽታ የሚመነጨው ከእንዲህ ያለው ስሕተት ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት በመጀመሪያ ቆሽት ስለሚባለው የሰውነት ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኝ፣ ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽ የሚያመነጭ አካል ነው። በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በባሕር ላይ እንደሚታዩ ደሴቶች እዚህም እዚያም የተበታተኑ ልዩ የሕዋስ ክምችቶችን አየ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ዛሬ እነዚህ ክምችቶች በስሙ የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። በውስጣቸውም ቤታ የሚባሉ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ተግባራቸውም ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር እየሠሩ ወደ ደም መላክ ነው።

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ድንች በሆዳችን ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ተለውጦ ከደም ጋር ይዋሐዳል። ግሉኮሱ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ግሉኮሱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱ ግን በጥጋብ መካከል ይራባሉ። ኩላሊት የተትረፈረፈውን ስኳር በሽንት ሲያስወጣ ብዙ ውሃ አብሮት ይወጣል። ከዚህም የተነሣ ሕመምተኛው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ በውሃ ጥም ይቃጠላል፤ እየበላም ይከሳል። ሰውነቱም በስኳር ፈንታ ስብን ማንደድ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ታዲያ ቤታ ሕዋሳትን የሚያጠፋቸው ማን ነው? ሰውነታችን ከተሕዋስያን የሚጠበቀው በነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆን፣ እነዚህም የተለያየ የሥራ ድርሻ አላቸው። አንዳንዶቹ በየቦታው እየዞሩ ያገኙትን ባዕድ ነገር ውጠው፣ ከፋፍለው፣ ቁራጩን በላያቸው ላይ በማንጠልጠል ለሌሎቹ ያሳያሉ፤ ስለሆነም እንደ ቃፊር ልንቈጥራቸው እንችላለን። ረዳት ቲ-ሕዋሳት የተባሉት ያንን ቁራጭ መርምረው የጥሪ ምልክት ያስተላልፋሉ። ገዳይ ቲ-ሕዋሳት የታመመውን ሕዋስ ተጠግተው ያጠፉታል። ቢ-ሕዋሳት ደግሞ አንቲቦዲ የሚባለውን መከላከያ ይሠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ተቈጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት አሉ፤ የእነርሱ ተግባር ጦርነቱ ከልክ እንዳያልፍና በወገን ላይ እንዳይዞር መግታት ነው።

ቲ-ሕዋሳት ወገንን ከባዕድ መለየት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመቅኔ ከተገኙ በኋላ ከደረት አጥንት በስተጀርባ ወዳለው ታይመስ ወደሚባለው ዕጢ ይሄዳሉ። በዚያም የሰውነትን የራሱን ክፍል አጥብቆ ለመያዝ የሚቃጣ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሞት ይደረጋል። ይሁን እንጂ ከፈተናው የሚያመልጡ ጥቂቶች አይታጡም። እነዚህን ያመለጡትን አደብ የሚያስገዙት ተቈጣጣሪዎቹ ናቸው። የተቈጣጣሪዎቹ ኃይል ከደከመ ወይም የአጥቂዎቹ ኃይል ካየለ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ቃፊሮቹ የቤታ ሕዋሳትን ቁራጭ፣ አንዳንድ ጊዜም ራሱን ኢንሱሊንን፣ እንደ ባዕድ ነገር ያቀርባሉ፤ ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ ገዳዮቹ ወደ ደሴቶቹ ገብተው ቤታ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ይፈጃሉ።

ይህ ጥቃት በአንድ ሌሊት የሚፈጸም አይደለም። ሕፃኑ ደኅና መስሎ እየተጫወተ ሳለ ጥፋቱ ለወራት፣ ብሎም ለብዙ ዓመታት በስውር ሊካሄድ ይችላል። በጣም ትንንሽ በሆኑ ሕፃናት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል። የበሽታው ምልክት ጎልቶ የሚታየው የቀሩት ቤታ ሕዋሳት ለሰውነት የሚበቃ ኢንሱሊን መሥራት ሲሳናቸው ነው።

የሳይንስ ሰዎች ይህን የደረሱበት በብዙ ድካም ነው። በ1965 ቤልጂጋዊው ሐኪም ዊሊ ጌፕትስ በሽታው እንደ ጀመራቸው የሞቱ ሕመምተኞችን ቆሽት መርምሮ፣ ደሴቶቹ በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርረው ማግኘቱን ገለጸ። በ1974 ደግሞ በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ በደሴቶቹ ላይ የተነሣ አንቲቦዲ አገኙ። አንቲቦዲው ዋናው ገዳይ ባይሆንም እንደ ጭስ ነው፤ ጭስ የእሳትን መኖር እንደሚያመለክት ሁሉ እርሱም የተደበቀውን ጥቃት ያመለክታል። ስለዚህ ዛሬ በደም ምርመራ አማካይነት ምልክቱ ከመታየቱ አስቀድሞ በሽታው መጀመሩን ማወቅ ይቻላል።

ጠባቂዎቹ ለምን እንደሚሳሳቱ ሲጠየቅ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከወላጆች የሚወረሱ አንዳንድ የዘር ባሕርያት የተጋላጭነቱን መጠን ይጨምራሉ። ነገር ግን በመልክ ፈጽሞ ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚኖርበት ጊዜ ስላለ፣ ዘር ብቻውን በቂ ምክንያት አለመሆኑ ግልጽ ነው። አንዳንድ ቫይረሶችም ለጥቃቱ መነሻ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይጠረጠራል። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕፃኑ ስኳር ወይም ከረሜላ ስላበዛም የመጣበት አይደለም። እንግዲህ ልጁንም ሆነ ወላጆቹን መውቀስ አላዋቂነት ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውም። በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ። በጥር ወር 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ማለትም የእናንተው እኩያ፣ በመርፌ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኢንሱሊን ቢዋጥ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚጠፋ ዛሬም በአብዛኛው የሚሰጠው ከቆዳ ሥር በሚወጋ መርፌ ነው። መርፌው የጎደለውን ይተካል እንጂ የጠባቂዎቹን ስሕተት አያርምም። በ2022 ግን የአሜሪካ መንግሥት ባለ ሥልጣን ቲ-ሕዋሳትን የሚያረጋጋውን ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ፈቀደ። መድኃኒቱ በሽታውን ፈጽሞ ባያስቀርም፣ በሙከራው ምልክቱ የሚጀምርበትን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ሊያዘገይ እንደሚችል ታይቷል። በ2025ም ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብራንካውና ፍሬድ ራምስዴል ስለ ተቈጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት ባደረጉት ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ እውቀት ለእናንተ ምን ይጠቅማል? አንድ ልጅ ውሃ ሲያበዛ፣ ቶሎ ቶሎ ሲሸና፣ ሳይጾም ሲከሳ፣ ሲያስታውከውና አተነፋፈሱ ሲከብድ ብታዩ ወባ ነው ወይም የሆድ ሕመም ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር የደሙ ስኳር መመርመር አለበት። መርፌ የሚወጋ የክፍል ጓደኛ ካላችሁም ደግሞ እንዳይሣቀቅ አድርጉት። ሠርቶ ሳይበላ ቢቀርና ላብ ላብ ብሎት ቢንቀጠቀጥ የደሙ ስኳር አንሶ ይሆናልና፣ ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ ስኳር ወይም ጣፋጭ ሻይ ስጡት። ነፍሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሕክምና አድርሱት። በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሆኖም ሕመምተኛው በሽታውን የሚደብቀው የሰው ዐይን ፈርቶ ነውና፣ እንዳይደብቅ የሚያደርገው የእናንተ አቀራረብ ነው። መርፌውን በመደበቅ ያለፈው አንድ ቀን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ከተናገራችሁ በኋላ በዓረፍተ ነገር እያስገባችሁ ጻፉ።
ቃፊር፣ መቅኔ፣ አደብ ማስገዛት፣ ተወረረ፣ መሣቀቅ።

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ኢንሱሊን የሌለው ሰው ሕዋሳት «በጥጋብ መካከል ይራባሉ» የተባለው ለምንድን ነው?
2. የረዳት፣ የገዳይና የተቈጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት ተግባር በምን በምን ይለያያል?
3. አንቲቦዲ በጭስ የተመሰለው ስለ ምንድን ነው?
4. ኢንሱሊን በሽታውን ፈጽሞ የማያድነው ለምንድን ነው?

ሐ. «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» በሚል ርእስ አንድ ገጽ የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁም «ከዚህም የተነሣ»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ስለሆነም» የተባሉትን አያያዦች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ተጠቀሙ።