የቢስክሌተኛው ገጣባ
(በሬዲዮ ከተነገረው)



ገጣባ ማለት ጭነት ወይም ኮርቻ የከብትን ጀርባ ልጦ የሚያወጣው ቁስል መሆኑን በቅሎ የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቢስክሌት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኮርቻው የሚያቆስለው ተቀማጩን ነው። ረጅም መንገድ በቢስክሌት የሚሄድ ሰው በመቀመጫውና በጭኑ መካከል ቆዳው ይቀላል፤ ይላላጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ብጉንጅ ያወጣል። ስፍራው የሚታፈርበት በመሆኑ ብዙ ሰው ሕመሙን ለባልንጀራው ቀርቶ ለሐኪም እንኳ ሳይናገር ይቀራል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፥ ትንሹን ቁስል ትልቅ የሚያደርገው ይኸው ዝምታ ነው።

የሕመሙ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ግፊት፥ ፍትጊያና እርጥበት ናቸው። ቢስክሌተኛው በተቀመጠ ጊዜ ከሰውነቱ ክብደት ብዙው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል፤ በአጥንቱና በኮርቻው መካከል የተጨነቀው ሥጋም ደም እንደ ልብ አይዘዋወርበትም። እግሩ ፔዳሉን በደቂቃ ሰማንያ ጊዜ ያህል ሲያዞር ደግሞ፥ ጭኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አምስት ሺህ ጊዜ ከኮርቻው ጋራ ይፋተጋል። በዚህ ላይ ላብ ሲጨመር ቆዳው ይርሳል፤ የራሰ ቆዳም ከደረቀው ይልቅ ቶሎ ይላላጣል። ያን ጊዜ ዘወትር በቆዳ ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በተላጠው ስፍራና በጠጉሩ ሥር ገብተው መግል ይቋጥራሉ።

ይህ ሕመም ጀማሪውን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊዞን ቦቤ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1955) የፈረንሳይን ዙር ውድድር በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ በመቀመጫው ቁስል እየተሠቃየ ነበር፤ በኋላም በቀዶ ጥገና ታከመ። የአገሩ ልጅ ሎራን ፊኞን በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) በዚሁ ውድድር የመጨረሻ ቀን እንዲህ ያለ ቁስል ይዞት ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ ጋለበ፤ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የደከመበትንም ድል ለአሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ በ8 ሴኮንድ ብቻ ተበልጦ ለቀቀ። የተሸነፈው በቁስሉ ብቻ ነው ለማለት ባይቻልም፥ ስምንት ሴኮንድ ለሕመም እጅግ አነስተኛ ዋጋ ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን እነ ገረመው ደንቦባ የተወዳደሩበት መንገድ 187 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አሸናፊው እንኳ ከአምስት ሰዓት በላይ በኮርቻ ላይ ቆይቷል። እነዚህ በልምምድ የጠነከሩ ሰዎች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ሰንብቶ እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚነሣ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ቆዳው ገና አልለመደምና ይበልጥ መጠንቀቅ፥ መንገዱንም ጥቂት በጥቂት ማስረዘም ይገባዋል።

የመከላከያው መንገድ ውድ አይደለም። አስቀድሞ የኮርቻው ከፍታ ይስተካከል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ዳሌ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይፋተጋል። እጅግ ለስላሳ ኮርቻም አይመረጥ፤ አጥንቱ ይሰምጥበትና ግፊቱ በለስላሳው ሥጋ ላይ ይሆናል። መቀመጫው ላይ ልስልስ ንጣፍ የተሰፋበት የቢስክሌት ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ይለበስ፤ የውስጥ ሱሪው ስፌት ራሱ ይልጣልና። በሚፋተገው ስፍራ ቫዝሊን ወይም ለዚሁ የተሠራ ቅባት ይቀባ። በመንገድም በየአሥር ደቂቃው ከኮርቻው ጥቂት ብድግ ማለት ደሙን ያዘዋውረዋል። ቤት እንደ ደረሱ የራሰውን ቁምጣ ማውለቅ፥ በሳሙና ታጥቦ መድረቅ ያስፈልጋል፤ ቁምጣውም ሳይታጠብ ሁለተኛ አይለበስ። የስፍራውን ጠጉር መላጨት ግን ለብጉንጅ በር ይከፍታል።

ቆዳው ከቀላ ወይም ከተላጠ፥ እስኪድን ድረስ ቢስክሌቱን ማቆም ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። ብጉንጅ ከወጣ በሞቀ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይተኮስ እንጂ በጣት አይፍረጥ፤ በመርፌም አይበሳ። ትኩሳት ከመጣ፥ ቅላቱ ከተስፋፋ፥ እባጩ እየጠነከረ ከሄደ ወይም በሳምንት ውስጥ ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ያህል መጠበቅ የለበትም።

አንባቢ ሆይ፤ ጥርስዎን ሲያምዎ ለሐኪም ለመናገር አያፍሩም። ይህም ከዚያ የተለየ ነውር የለበትም። በቅሎ እንኳ ጀርባዋ ሲቆስል እያነከሰች ለጌታዋ ታስታውቃለች፤ አንደበት የተሰጠው ሰው ዝም ሊል አይገባውም።