ደሙ የተቀዳው መቼ ነው?

«የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ደም ቀጂዋ መርፌውን ሳታነሳ ይህን ከጠየቀች ሥራዋን ታውቃለች። የደም ዓይነት በየትኛውም ቀን ቢመረመር ያው ነው። ሆርሞን ግን እንዲያ አይደለም፤ ዛሬ ዝቅ ያለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ከፍ ያለው ማታ ይወርዳል። የተቀዳበት ቀንና ሰዓት ያልታወቀ የሆርሞን ውጤት ግማሹ የጎደለ ወረቀት ነው።

ሆርሞን ከዕጢዎች እየመነጨ በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ኢስትራዲዮል የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚለካው በፒኮግራም፣ ማለትም አንድ ግራም ለአንድ ሺህ ቢሊዮን ሲካፈል በሚገኘው ስባሪ ነው። ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ከደም ውስጥ ለይቶ የመለካት መንገድ የተከፈተው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነው። የፊዚክስ ሊቋ ሮዛሊን ያሎ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ላቦራቶሪ አቋቁመው፣ ከሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ጋር ኢንሱሊንን ለኩ።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ለዚያ ሆርሞን ብቻ የሚስማማ አንቲቦዲ በተወሰነ መጠን ይቀርባል፤ የታክሲ ወንበር በሉት። የራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለው ሆርሞንና የታካሚው ሆርሞን አብረው ይገባሉ፣ ለወንበሩም ይሻማሉ። የታካሚው ከበዛ ምልክት ያለው ቦታ ያጣል። ምልክት ካለው ምን ያህሉ ቦታ እንዳገኘ ሲለካ የታካሚው መጠን ይታወቃል። ሁለቱ ለዚህ ግኝት የባለቤትነት መብት አልጠየቁም፤ ዓለም እንዲጠቀምበት ተዉት። በርሰን በ1972 አረፉ፣ ያሎ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች ራዲዮአክቲቩን ብርሃን የሚሰጥ ኬሚካል ተክቶታል። ደሙ በቲዩብ ተቀድቶ እስኪረጋ ይቆያል፤ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ቀዩ ከሥር ይቀራል፣ ጠጅ የመሰለ ቢጫ ሴረም ከላይ ይጠራል። ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች አንቲቦዲውን አጣብቀው የሚይዙት በባዮቲን ስለሆነ፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን የባዮቲን ክኒን የሚወስድ ሰው ውጤቱ ሊዛባበት ይችላል። ክኒን የምትወስዱ ለሐኪማችሁም ለላቦራቶሪውም ተናገሩ።

ወደ ቀኑ እንመለስ። ኤፍኤስኤች የሚባለው ሆርሞን የሚመረመረው የወር አበባ በመጣ በ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ግድም ነው። ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንቁላል መውጣቱን የሚያረጋግጥ ስለሆነ የሚቀጠረው ወደኋላ ተቆጥሮ ነው፤ የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ሲቀረው። ብዙ ጊዜ «በ21ኛው ቀን ነይ» የሚባለው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ ይሠራል። ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት በ21ኛው ቀን ብትቀዳ ዝቅተኛ ቁጥር ይወጣላታል፣ እንቁላል የለኝም ብላም ታለቅሳለች። የእሷ ቀን 28ኛው ነው። በአንድ የተሳሳተ ቀጠሮ የስንቷ ልብ እንደሚሰበር ሳስብ ያንገበግበኛል።

ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በድንጋጤ፣ ገና ከእንቅልፍ በመነሳት፣ በአንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማቅለሽለሽ መድኃኒቶችም ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥቂት ከፍ ካለ ተረጋግቶ መድገም ያስፈልጋል። የታይሮይድ ዕጢ መመርመሪያ የሆነው ቲኤስኤች የወር አበባ ቀን አይመርጥም። እንቅርት ለዘመናት በኖረበት በእኛ ደጋ አገር የወር አበባ ሲዛባ ታይሮይድን መርምሩልኝ ማለት ተገቢ ነው።

ወንዶችስ? ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ሳይበላ ይቀዳል፣ ዝቅ ካለም በሌላ ቀን ይደገማል። ከሰዓት በኋላ ተቀድቶ «አነሰህ» የተባለ ሰው የቴስቶስትሮን መርፌ ቢጀምር ጉዳቱ ከባድ ነው። ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎልን «በቂ አለ» ስለሚያሰኘው የዘር ሕዋስ መመረቱ ይቀንሳል፣ ሊቆምም ይችላል። ልጅ ፈልጎ የሄደው ሰው ልጅ የሚያስከለክለውን ወሰደ ማለት ነው።

ልጅ ሲዘገይ ሴቷ ብቻዋን ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትንከራተት እናያለን። ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች ግን በወንዱ በኩል ያለ ምክንያት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ፣ ይገኛል። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ባለቤትህን ብቻዋን አትላካት፤ አብረሃት ሂድ። እህቴ፣ የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን በማስታወሻ ያዢ፣ ውጤት ስትቀበዪም ደሙ የተቀዳበት ቀንና ሰዓት በወረቀቱ ላይ መጻፉን አረጋግጪ።