የአንድ ሴናተር ወረቀቶችና የታሪክ ትምህርት

የታሪክ ትምህርት በአብዛኛው የሚያቀርበው ፍጻሜውን ነው። ሕጉ ጸደቀ፣ ንግግሩ ተደረገ፣ ስምምነቱ ተፈረመ ይባልና ይታለፋል። ከውሳኔው በፊት የነበረው ጥርጣሬ፣ ክርክርና የሐሳብ ለውጥ ግን በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ቦታ አያገኝም። ይህን ጉድለት ለማሟላት የሕዝብ ተመራጮች የግል ወረቀቶች ከፍ ያለ ጥቅም አላቸው። የሚሺጋን ግዛት ሴናተር የነበሩት የአርተር ቫንደንበርግ ወረቀቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ቫንደንበርግ በ1884 በግራንድ ራፒድስ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ግራንድ ራፒድስ ሄራልድ» የተባለውን ጋዜጣ በዋና አዘጋጅነት ከመሩ በኋላ በ1928 ወደ አሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገብተው፣ በ1951 እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ አገልግለዋል። ወረቀቶቻቸው በአን አርበር ከተማ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቤንትሊ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ስብስቡ ደብዳቤዎችን፣ ንግግሮችን፣ የዕለት ማስታወሻዎችንና የጋዜጣ ቁራጮች የተለጠፉባቸውን ጥራዞች ያጠቃልላል።

ሴናተሩ በ1930ዎቹ ዓመታት አሜሪካ በሌሎች አገሮች ጦርነት እንዳትገባ አጥብቀው ከሚከራከሩት ወገን ነበሩ። በ1939 የጦር መሣሪያ ሽያጭ እገዳው እንዳይነሳ ተከራክረዋል፤ በ1941 ለእንግሊዝና ለሌሎች አገሮች የጦር ዕቃ በውሰትና በኪራይ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ ተቃውመዋል። ይሁን እንጂ ጃንዩዌሪ 10 ቀን 1945 በምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር፣ ማንኛውም አገር ከእንግዲህ በራሱ ኃይል ብቻ ደኅንነቱን ሊጠብቅ እንደማይችል አስረዱ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በተዘጋጀበት፣ ኢትዮጵያም በተካፈለችበት የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኑ። ከ1947 እስከ 1949 የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሊቀ መንበር በነበሩበት ጊዜም፣ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም የታቀደው የማርሻል ፕላን በ1948 በምክር ቤቱ በ69 ድምፅ ድጋፍና በ17 ተቃውሞ እንዲያልፍ ዋና ድርሻ አበርክተዋል።

ሰውየው ሐሳባቸውን የለወጡት መቼ ነው? የሕዝብ ትዝታ ለውጡን ከ1945ቱ ንግግር ጋር ያያይዘዋል። እሳቸው ራሳቸው ግን እምነታቸው የጸናው ፐርል ሃርበር በተደበደበበት ዕለት፣ ማለትም ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ከሰዓት በኋላ መሆኑን በኋላ ጽፈዋል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። በሴፕቴምበር 1943 የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች በማኪናክ ደሴት ተሰብስበው፣ አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ከሉዓላውያን መንግሥታት ጋር እንድትተባበር የሚደግፍ መግለጫ ሲያወጡ፣ በዝግጅቱ ላይ ዋናውን ሥራ ከሠሩት አንዱ ቫንደንበርግ ነበሩ። እንግዲህ ለውጡ የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን ዓመታት የፈጀ ጉዞ ነበር ማለት ነው።

ለመምህራን ትልቁ ትምህርት ከዚህ ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ስለ ራሱ ያለፈ ሐሳብ ከጊዜ በኋላ የሚሰጠው ምስክርነትና በዕለቱ የጻፈው ወረቀት እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያው የኋላውን እውቀት ይዞ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ሁለተኛው የነገሩን ፍጻሜ ሳያውቅ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች አንድን ሰነድ ሲያነቡ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማንስ ጻፈው ብለው መጠየቅን ሊለምዱ ይገባል። ልጃቸው ከጆ አሌክስ ሞሪስ ጋር በ1952 ያሳተሙት የሴናተሩ የግል ጽሑፎች መጽሐፍም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። መጽሐፉ ጠቃሚ ቢሆንም ተመርጦ የቀረበ ነውና፣ የዋናውን ስብስብ ቦታ ሊተካ አይችልም።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ የጥበቃ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የምክር ቤት ኮሚቴዎች መዛግብት ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ሲገቡ፣ የእያንዳንዱ ተመራጭ ወረቀት ግን የግል ንብረቱ ሆኖ ይቆጠራል። በ2008 ኮንግሬሱ ያሳለፈው የጋራ ውሳኔ አባላቱ ወረቀቶቻቸውን እንዲጠብቁ አደራ ከማለት በስተቀር አላስገደዳቸውም። በዚህም ምክንያት የአንድ ዘመን ማስረጃ መትረፍና መጥፋት በባለቤቱ ወይም በወራሾቹ ፈቃድ፣ እንዲሁም ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያደራጅ ተቋም በመኖሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ወረቀቱ ከተገኘም በኋላ በዘመን ካልተለየና የይዘት ዝርዝር ካልተዘጋጀለት፣ መምህሩም ሆነ ተመራማሪው ሊጠቀምበት አይችልም። የቫንደንበርግ የሐሳብ ጉዞ ዛሬ ሊጠና የቻለው ወረቀቶቻቸው ከነቀናቸው ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው።