የሆሳዕናና የዱራሜ አካባቢ ከተሞች፤ ሱቃቸው፣ ማዕዳቸውና የመዝናኛ ስፍራቸው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሆሳዕና ከተማ ይደርሳል። ከተማው የተቆረቆረው ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋማ ስፍራ ስለ ሆነ አየሩ ቀዝቃዛና ለጤና ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው መንገደኛ ምሳውን በልቶ ወይም ቡናውን ጠጥቶ ወደ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ ጉዞውን ይቀጥላል እንጂ አያድርበትም። መንገደኛ በአንድ ከተማ ቢያድር የአልጋ፣ የራትና የቁርስ ዋጋ እዚያው ይቀራል፤ ካለፈ ግን ገንዘቡም አብሮት ያልፋል። የሀዲያና የከምባታ ከተሞች እንግዳ የሚያሳድር ነገር አላቸውን? ቢኖራቸውስ ነጋዴው እንዴት ሊጠቀምበት ይችላል? የሚለው ጥያቄ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም የሚጠቅም ነው።

የከተማው ዕድገት

የሆሳዕና የቀድሞ ስም ዋቸሞ ሲሆን፣ ዛሬ ይህ ስም በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይታወሳል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ቁጥር ከ32,000 ያልበለጠ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን ወደ 70,000 ተጠግቶ ተገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ ርዕሰ ከተማ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ለጉዳይ የሚመጣው ባለሥልጣንና ባለጉዳይ፣ ለትምህርት የሚመጣው ተማሪ፣ በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ለመታከም የሚመጣው ሕመምተኛና አስታማሚው ሁሉ የከተማው ገበያተኛ ሆኗል። ሆስፒታሉ በስሟ የተጠራላት ንግሥት እሌኒ ከሀዲያ ገዥዎች ቤት የተወለደችና በ15ኛውና በ16ኛው ምዕተ ዓመት በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን የነበራት መሆንዋ ይታወቃል።

ሱቁና የገበያው ሜዳ

በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ሱቆች በሸቀጥ ረገድ ከአዲስ አበባ ሱቆች ብዙ አይለዩም። ልብስና ጫማ፣ የእጅ ስልክና መለዋወጫው፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም፣ ሳሙናና ዘይት ከመርካቶ በጅምላ ተገዝተው በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ በችርቻሮም ይሸጣሉ። ወደ ገበያው ሜዳ ጎራ ያለ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ዓይነት ሸቀጥ ነው። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቆጮው ታስሮ፣ ቡላው ተሰፍሮ፣ የእንሰቱ ቃጫ በነዶ በነዶ ተደርጎ፣ ስንዴው፣ ባቄላውና አተሩ በጆንያ ሞልቶ ይጠብቀዋል።

በሱቁና በሜዳው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከሱቁ የሚገዛው ዕቃ ዋጋ አብዛኛው ወደ መርካቶና ወደ ባሕር ማዶ ይመለሳል። የሜዳው ሸቀጥ ዋጋ ግን ከገበሬውና ከቤተ ሰቡ እጅ ይገባል። የሚያሳዝነው የሜዳው ሸቀጥ ብዙውን ጊዜ ሳይበጠር፣ ሳይታሸግና ስም ሳይወጣለት መሄዱ ነው። ስንዴው በጆንያ ተጭኖ ይወጣና ዱቄት፣ ፓስታና ብስኩት ሆኖ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ይታያል።

ፎቆቹን የሠራው ገንዘብ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ብዙ አዳዲስ ፎቆች፣ ሆቴሎችና የንግድ ቤቶች ተሠርተዋል። ለዚህ ሥራ ከዋሉት የገንዘብ ምንጮች አንዱ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት የአካባቢው ልጆች በዚያ በጥቃቅን ንግድ ሠርተው የላኩት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን መገኘታቸው የመንገዱን አስከፊነት ለዓለም አሳይቷል። በደቡብ አፍሪካ የደረሱትም ቢሆኑ ሱቃቸው በዘራፊዎችና በሁከት ጊዜ የጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ድካም የመጣ ገንዘብ ተከራይ በሚጠብቅ ባዶ ክፍል ውስጥ ታስሮ መቅረት የለበትም። በአገሩ ምርት ላይ ቢውል ለታናሽ ወንድሞች ሥራ ይፈጥራል፤ ለመሄድ የሚያስገድደውንም ችግር ያቃልላል።

ማዕዱ

እንግዳን ከሚያሳድሩት ነገሮች ቀዳሚው ምግብ ነው። የዚህ አገር ምግብ መሠረቱ እንሰት ነው። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያም ግንዱ ይፋቃል፣ በጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ቆጮም ይሆናል። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ውኃ ዘቅጦ የሚገኘው ነጭ ነገር ቡላ ይባላል። አታካና የሚባለው የሀዲያ ምግብ የሚዘጋጀው ከዚሁ ከቡላ ነው። ቡላው በወተትና በብዙ ቅቤ በዝግታ እየታመሰ ይበስላል። በመስከረም በሚውለው በያሆዴ በዓል ላይ ለቤተ ሰብና ለጎረቤት የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ከምባታም የመስቀልን በዓል መሳላ ብሎ በታላቅ ድግስ ያከብረዋል።

በአዲስ አበባ የጉራጌ ክትፎ በቆጮ የታወቀ የምግብ ቤት ንግድ መሆኑን የማያውቅ የለም። አታካናም በየሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ላይ በስሙ ተጽፎ ቢቀርብ፣ ቅቤውና ወተቱም ንጹሕ መሆኑ ቢረጋገጥ፣ እንግዳው ስለዚህ ምግብ ሲል ያድር ይሆናል። ላኪዎችም ቢሆኑ የታሸገ ቡላ በውጭ አገር በሚገኙ የኢትዮጵያውያን መደብሮች እንደሚሸጥ ያውቃሉ።

ዱራሜ፣ ሐምበሪቾና ዶዮገና

ወደ ከምባታ ዞን ርዕሰ ከተማ ወደ ዱራሜ የሚሄድ እንግዳ በከተማው አጠገብ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሐምበሪቾን ተራራ ያገኛል። የከምባታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በክብር የሚያየው ይህ ተራራ ዛሬ 777 የደረጃ እርከኖች ተሠርተውለታል። ደረጃውን ወጥቶ ከላይ የደረሰ ሰው እንሰቱን፣ የገበሬውን ቤትና ማሳውን በአንድ ጊዜ ይቃኛል። ሲወርድም ይርበዋል፣ ይጠማዋል፤ ምግብ ቤትና ባለሱቅ የሚፈለጉት ያን ጊዜ ነው።

የዶዮገና አካባቢ ደግሞ በበግ የታወቀ ነው። የዶዮገና በግ ፈጥኖ በማደግና በመድለብ ስለሚመሰገን ለዘር የሚፈልጉት ከሌላ አውራጃ ጭምር ይመጣሉ። እንዲህ በስሙ ተለይቶ የታወቀ ሸቀጥ ያለው አካባቢ ዋጋውን ራሱ ለመጠየቅ ይችላል።

ከዚህ ጋር የዝንጅብሉ ነገር መዘንጋት የለበትም። የሀደሮና የአካባቢው ገበሬ ከወላይታ ገበሬ ጋር የአገሪቱን ዝንጅብል በብዛት ያቀርብ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በባክቴሪያ የሚመጣ የማጠውለግ በሽታ ተነሥቶ ማሳውን አጠፋው፤ በዝንጅብል ብቻ የሚነግደውም ሰው ባዶ እጁን ቀረ። በአንድ ምርት ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ውኃውና ጥላው

ሀዋሳ እንግዳ የምታሳድረው በሐይቋ ዳርቻ ነው። መንገደኛው በአሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ፣ በሐይቁ ዳር ተንሸራሽሮ፣ ማታውንም እዚያው ያሳልፋል። ሆሳዕናና ዱራሜ በደጃፋቸው ሐይቅ የላቸውም፤ ሆኖም በሀዲያ ዞን በሻሾጎ ወረዳ የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ ይገኛል። በዚያ ጉማሬና ልዩ ልዩ የውኃ ወፎች ይታያሉ። በወላይታና በጠምባሮ ወሰን ደግሞ የአጆራ መንታ ፏፏቴዎች ከገደል ይወርዳሉ። እነዚህን ስፍራዎች ለማየት የሚነሣ ሰው ማደሪያ፣ መኪና፣ ስንቅና መንገድ መሪ ያስፈልገዋል፤ እነዚህም ሁሉ የንግድ ሥራዎች ናቸው።

ነጋዴው ምን ያድርግ

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ባለሆቴሉ አታካናን በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ቢያቀርብ፣ ባለሱቁ ከሳሙናና ከዘይት አጠገብ ለእንግዳ ስጦታ የሚሆን የታሸገ ቡላ ቢያስቀምጥ፣ ላኪው ገዝቶ ከመጫኑ በፊት በአካባቢው ለሚያበጥርና ለሚያሽግ ድርጅት ሥራ ቢሰጥ፣ አስመጪውም ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን የእንሰት መፋቂያ፣ የወተት ማቀዝቀዣና የማሸጊያ መሣሪያ ቢያቀርብ፣ ከአራቱ አንዱም ያለ ትርፍ አይቀርም። እንሰት መፋቅ በሴቶች ጫንቃ ላይ የወደቀ አድካሚ ሥራ ስለ ሆነ፣ ጥሩ መሣሪያ የሚያመጣ ነጋዴ ገበያ አያጣም።

የሆሳዕና ሆቴሎች አልጋ አላቸው፤ መንገዱም ክፍት ነው። በመጪው መስከረም ለያሆዴና ለመስቀል ወደ አገራቸው የሚመለሱት የአካባቢው ልጆች ለዚህ ንግድ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ሊሆኑ ይችላሉና፣ ዝግጅቱ ከበዓሉ አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።